ለሚበላ ሰው ብቻ

ጋሽ ኪዳነማርያምን ዛሬም አንቱ ነው የምላቸው። ልጄን እድላዊትን ይሄ ያበግናታል። ቤትሽን ያዘጋብሽን ሰውዬ እንዴት አሁንም አንቱ ትይዋለሽ እያለች ትነዘንዘኛለች። እሷ እዚሁ ለንደን ተወልዳ ያደገች ስለሆነች አንቱታ እንደ ካፖርት በር ላይ የሚወልቅ ይመስላታል። እኔ ምላሴ እሺ አይለኝም። ስለዚህ ይህን ሁሉ የማወራው አንቱ እያልኩ ነው፤ አክብሬያቸው የሚመስለው ሰው ካለ ግን ተሳስቷል።

ምግብ ቤቴ ኬንቲሽ ታውን ነበር፤ ከባቡር ጣቢያው ወረድ ብሎ፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ። ከላይ የካውንስል፣ ማለትም የወረዳው መስተዳድር፣ ቤቶች አሉ። የመጠጥ ፈቃድ አፕላይ ሳደርግ ፎቅ ላይ የሚኖሩት ሰዎች ጩኸት ይበዛብናል ብለው ተቃወሙ። ካውንስሉ እነሱንም እኔንም ላለማስቀየም ብሎ ፈቃዱን ከነገመዱ ሰጠኝ። መጠጥ የሚሸጠው ወንበር ይዞ ምግብ ለሚበላ ሰው ብቻ ነው ተባለ። ምግብ ያላዘዘ ሰው ቢራ የለውም። ቆሞ መጠጣት የለም። ጠጃችሁን እስቲ ልቅመስ የሚል ፈረንጅ ቢመጣ እንኳ፣ ለቅምሻ ያህል በነጻም ቢሆን፣ ፊቱ ሰሃን ከሌለ አይሆንም።

ይሄን ለሐበሻ ማስረዳት ምን ያህል መከራ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ሰው ከሥራ ወጥቶ ይመጣና አንድ ቢራ አምጪ ይለኛል። ምን ትበላለህ እለዋለሁ። አልራበኝም ይላል። እንግዲያው ቢራ የለም እላለሁ። ከዚያ ኩርፊያ ነው። ውብነሽ ፈረንጅ ሆነች፣ ውብነሽ ገንዘብ አሳወራት፣ ሳይርበን በግድ ልታበላን ነው እየተባለ ስሜ በየለቅሶው ቤት ሲነሳ ከርሟል። እኔ ግን ፍንክች አላልኩም። ፈቃዱ በሩ አጠገብ በፍሬም ተሰቅሏል፤ ኃላፊ ከሚለው ቃል ጎን የተጻፈው የኔ ስም ነው። እዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ ስሜ ደህና ነገር ላይ ተጽፎ ያየሁት እዚያ ብቻ ነበር።

ደግሞ በዚህ ከተማ እንጀራ ብቻ ሽጦ የሚኖር ምግብ ቤት አላየሁም። ሰው የሚመጣው ለምግቡ ነው፣ ቤቱን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ግን መጠጡ ነው። ፈቃዱ ከሄደ ቤቱም ሄደ ማለት ነው። ይሄን እኔም አውቃለሁ፣ ጋሽ ኪዳነማርያምም ያውቁ ነበር።

እሳቸው በደርግ ጊዜ ለትምህርት መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ሰባውን ያለፉ ጡረተኛ ናቸው፤ የሚኖሩት ቶተንሃም ነው። የምንሳለምበት ቤተ ክርስቲያን የሰበካ ጉባኤ ሊቀመንበር ናቸው። እንግሊዝኛቸው እንግሊዞቹን ራሳቸውን ያስደነግጣል። እኔ እድላዊትን በሆዴ ይዤ እዚህ አገር ስገባ የተቀበሉኝ እሳቸውና ባለቤታቸው እትዬ ኣብረኸት ናቸው። ያን ክረምት ሳሎናቸው ውስጥ ተኝቼ ከረምኩ። ስወልድም እትዬ ኣብረኸት ገንፎ እያገነፉ አረሱኝ። የስደት ጉዳዬ ሲታይ ደግሞ ጋሼ ቀርበው አባቷን አውቀዋለሁ፣ የደረሰበትንም አውቃለሁ ብለው መሰከሩልኝ። አባቴን በሕይወታቸው አይተውት አያውቁም። ውለታቸውን እንዳልረሳሁ እግዜር ያውቃል፤ ያን ውለታ ባልሸከም ኖሮ ዛሬ ቤቴ ክፍት ነበር።

እትዬ ኣብረኸት ካረፉ ወዲህ ጋሼ ብቻቸውን ቀሩ። ማብሰል አይችሉም፤ ምድጃ ማብራትም የሚያውቁ አይመስለኝም። በዚያው ዓመት ዐቢይ ጾም ላይ አንድ ረቡዕ ከቶተንሃም በአውቶቡስ መጡና ጥግ ይዘው ተቀመጡ። የጾም ላምጣልዎት ስላቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጥብስ አሉኝ። እኔ በጾም ለፈረንጆቹ የፍስክ ምግብ እሠራለሁ፤ የጾሙና የፍስኩ ድስት ግን አይገናኙም፣ እኔም አልቀምስም። ጥብስ ያሉኝ ሊቀመንበሩ ሲሆኑ ክው አልኩ። ሐኪም አዝዞዎት ነው እንዴ ብዬ መውጫ ሰጠኋቸው። እሳቸው ግን መውጫውንም አልፈለጉትም፤ አማረኝ አሉ። ፊታቸው ከስቷል፣ የሸሚዛቸው ኮሌታ አልተተኮሰም። አንጀቴን በሉትና አመጣሁላቸው። ከዚያ ወዲያ በየጾሙ ረቡዕ ረቡዕ መምጣት ልማዳቸው ሆነ። እኔ ቤት ድረስ የሚለፉትም ቶተንሃም ያለው ምእመን እንዳያያቸው ነው።

ብቻቸውን አይበሉም ነበር። ሲላስ የሚባል የአውቶቡስ ሾፌር ደንበኛ አለኝ። ጴንጤ ነው፤ የኛን ጾም አይጾምም፣ መጠጥም በአፉ አይዞርም። በጾም ጊዜ የጥብሱን ጨው ቀምሶ ልክ ነው የሚለኝ እሱ ነው። ጋሼ ከሲላስ ጋር ከአንድ ትሪ መብላት ወደዱ። ምክንያቱ የገባኝ ቆይቶ ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ትሪውን በክርናቸው ገፋ አድርገው ወደ ሲላስ ያስጠጉና፣ እጃቸውን በሶፍት ጠርገው የቢራ ብርጭቋቸውን ይጨብጣሉ። የገባው ሐበሻ ከሆነ፣ ጋሽ ኪዳነማርያም አንድ ጴንጤ ሲበላ እያዩ ቢራቸውን ሲጠጡ ያገኛቸዋል። በጾም ቢራ ቢያሳማ እንጂ አያዋርድም፤ ሥጋ ግን ሌላ ነው። የገባው ፈረንጅ ከሆነ ደግሞ ትሪው ወደ ቦታው ይመለሳል። ሲላስ ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር።

ባለፈው ዐቢይ ጾም አንድ ረቡዕ በሩ ተከፈተና የገባችው የካውንስሉ የፈቃድ ተቆጣጣሪ ሆነች። ወጣት ሴት ናት፤ ክፉ አይደለችም። ከዚያ በፊት አንዴ መጥታ፣ ልደት የሚያከብሩ ሰዎች ምግባቸው ሳይደርስ ቢራ ይዘው አግኝታ በጽሑፍ አስጠንቅቃኛለች። ጋሼ በሩ ሲከፈት እንደ ልማዳቸው ትሪውን ገፉ። ፈረንጅ መሆኗን ሲያዩ ሊመልሱት ነበር፤ ግን ከኋላዋ ሐረገወይን ተከትላ ገባች። ሐረገወይን የደብራችን ሴት ናት፣ እኩያዬ፣ አፏ የማያርፍ፤ ለእሑድ እንጀራ ልታዝ ነው የመጣችው። ጋሼ እጃቸውን ሰበሰቡ።

እንግዲህ ተቆጣጣሪዋ ያየችው ይሄን ነው። የሚበላው ሰውዬ ውኃ ይጠጣል። የሚጠጣው ሰውዬ ሁለተኛ ቢራውን ይዟል፣ ፊቱ ግን ባዶ ነው። ቆማ ጠበቀች። ሐረገወይንም ወሬዋን ይዛ ቆመች። ጋሼ ያን ሁሉ ጊዜ አንድም አልጎረሱም። እኔ ለልጅቷ በኛ አገር ሁለት ሰው ከአንድ ትሪ ነው የሚበላው፣ አንድ ትሪ ማለት አንድ ሰው ማለት አይደለም እያልኩ አስረዳኋት። ይገባኛል አለችኝ፤ ነገር ግን ሲበላ ያየሁት አንድ ሰው ነው፣ እሱም አልጠጣም አለች። ጋሼ እስቲ ይንገሩልኝ ልል አፌን ከፈትኩ። ሐረገወይን አጠገቤ ነበረችና ዋጥኩት።

ከፋሲካ በኋላ ካውንስሉ ፈቃዴ እንደገና እንዲታይ ቀጠሮ መያዙን አሳወቀኝ። የፎቁ ጎረቤትም የራሱን አቤቱታ ጨመረበት። በነጻ የምታማክር አንዲት ጠበቃ ጉዳዩን አየችልኝና ቀላል ነው አለች። በጩኸቱ ከጎረቤትሽ ጋር እናስማማሻለን፣ የልደቱም ነገር አርጅቷል፤ የሚያሰጋው የዚያ ረቡዕ ነገር ነው አለችኝ። ያ ሰውዬ ቀርቦ ከዚያው ትሪ በልቻለሁ ካለ ጥፋት የለም። ካላለ ግን ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶሽ ደግመሽ ጥሰሻል ማለት ነው፣ ፈቃዱን ይነጥቁሻል አለች። ሁሉ ነገር አንድ ቃል ላይ ቆመ፤ በልቻለሁ።

ቀድሞ የመጣው ሲላስ ነው። ሁለታችንም ነው የበላነው፣ ፈረቃዬን ቀይሬ ልመስክርልሽ አለኝ። አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል። ሊቀመንበሩ እያሉ የአውቶቡስ ሾፌር ይዤ ብቀርብ ጋሼ ይቀየሙኛል ብዬ አሰብኩ። ሾፌርንማ ማን ይሰማዋል ብዬም አሰብኩ። አመስግኜ ሸኘሁት። የምስክሮች ስም አስቀድሞ መሰጠት ስለነበረበት የጋሽ ኪዳነማርያምን ስም ብቻ ሰጠሁ።

ጋሼ ቤት ሄጄም ነገሩን ሳልደባብቅ አስረዳኋቸው። እዚህ አገር ጥፋቱ ሳይበሉ መጠጣት ነው፤ የሚጠየቁት በልተዋል ወይስ አልበሉም ነው፤ በልቻለሁ ካሉ አለቀ አልኳቸው። ሳቁ።

«እኔ እያለሁ ቤትሽን ማንም አይነካውም» አሉኝ።

ያቺ የድሮዋ ክረምት ትዝ አለችኝና እንባዬ መጣ። እጃቸውን ስሜ ወጣሁ።

በዚሁ ቢተዉት ጥሩ ነበር። በእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ድምፅ ማጉያውን ያዙና እህታችን ውብነሽ ስለተቸገረች ካውንስሉ ፊት ቀርቤ ልከራከርላት ነው፣ ጸልዩ አሉ። ስብሰባው በኢንተርኔት ለሕዝብ ስለሚተላለፍም ማየት የሚፈልግ ያያል አሉ። ሊንኩን የደብሩ ግሩፕ ላይ የለቀቁት ራሳቸው ናቸው። እንግሊዝኛቸውን ሕዝቡ እንዲሰማላቸው ፈልገው ነው እንጂ እኔን ለመጉዳት አልነበረም፤ ለክፋት እንኳ አላሰቡኝም።

በቀጠሮው ቀን፣ ሰኔ ላይ፣ እኔና እድላዊት ምግብ ቤቱን ዘግተን ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አድርገን ተቀመጥን። ስክሪኑ ላይ ሦስት የካውንስል አባላት፣ ተቆጣጣሪዋ፣ የፎቁ ጎረቤትና ጋሽ ኪዳነማርያም አሉ። ጋሼ ሳሎናቸው ሆነው ከረቫት አስረዋል፤ ከኋላቸው የእትዬ ኣብረኸት ፎቶ ይታያል። ተቆጣጣሪዋ ያየችውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ተናገረች። የፎቁ ጎረቤት ስለ ወንበር መጎተት አወራ። ተራው የጋሼ ሲሆን ስለ ታታሪነቴ፣ ስደተኛ ሆኜ ለሰው ሥራ ስለመፍጠሬ ባማረ እንግሊዝኛ ተናገሩ። ሰብሳቢዋ ፈገግ ብላ ነው የሰማቻቸው። እድላዊት እጄን ያዘች።

ከዚያ ሰብሳቢዋ ቀኑን አነበበች፤ ረቡዕ፣ ማርች ወር ላይ። ረቡዕ ስትል ጋሼ ቀና ሲሉ አየኋቸው። ከስክሪኑ ማዶ ማን ማን እንደተቀመጠ ያኔ ትዝ ያላቸው ይመስለኛል። ያ ቀን ዐቢይ ጾም መሆኑን ለማወቅ የኛ ሰው ካሌንደር አይገልጥም።

«በዚያ ቀን እዚያ ቤት ምግብ በልተዋል?» ብላ ጠየቀቻቸው።

ጋሼ ከረቫታቸውን ነካ ነካ አደረጉ። ጥያቄው ያልተሰማቸው መስሏት ደገመችላቸው።

«አልበላሁም» አሉ። «የጾማችን ወቅት ነበር። ቢራ ጠጣሁ እንጂ አልበላሁም።»

ጆሮዬን አላመንኩም። ጋሼ ግን ወንዙን ከተሻገሩ በኋላ ድምፃቸው ተመለሰ። ጾማችን ምን ያህል ረጅም እንደሆነ፣ ሥጋም ወተትም እንደማይነካ፣ እሳቸውም ከልጅነታቸው ጀምሮ እንዴት እንደጠበቁት ማስረዳት ጀመሩ። ሰብሳቢዋ ስለ ባህላችሁ ስላስተማሩን እናመሰግናለን አለቻቸው። ተቆጣጣሪዋ ብቻ ግራ ገብቷት ነበር፤ ለኔ ሊመሰክር የመጣው ሰውዬ የሷን ክስ ሲያጸናላት ታያለች። ቀጥሎ ሰብሳቢዋ ምስክሬ በተናገሩት ላይ የምለው ነገር ካለ ጠየቀችኝ።

«ማሚ፣ አንሚውት አድርጊ» አለች እድላዊት። «በልቷል በያቸው። ሂ ኢዝ ላይንግ፣ እየዋሸ ነው። አንቺ ካልሽኝ እኔ እናገራለሁ።»

እጇን ይዤ ከላፕቶፑ ላይ አነሳሁት። በደብሩ ሕዝብ ሁሉ ፊት እኒህን ሰውዬ በዐቢይ ጾም ሥጋ በልተዋል ልል ነው። በዚያ ላይ እትዬ ኣብረኸት ከኋላቸው ሆነው ያዩኛል። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነው። ድምፁን ከፈትኩና የምጨምረው የለኝም አልኩ።

ውሳኔው በሳምንቱ መጣ። ፈቃዴን ነጠቁኝ። በካውንስሉ አልፈርድም፤ የነገርናቸውን ነው የሰሙት። ይግባኝ እንበል ብዬ ጠበቃዋን ስጠይቃት፣ የገዛ ምስክርሽ በቪዲዮ ተቀርጾ አልበላሁም ብሏል፣ አንቺም ዝም ብለሻል፣ ምን ይዘን እንሄዳለን አለችኝ። በሩ አጠገብ የተሰቀለውን ፍሬም ያወረደችው እድላዊት ናት።

ጋሼ ቤት ሄድኩ። ያልጠበቅኩት ነገር አለመደንገጣቸው ነው። በር ከፍተው አስገቡኝ፣ ሻይ ላፍላልሽ አሉኝ፣ ጤናዬን ጠየቁ። ለምን እንዲህ አደረጉኝ አልኳቸው። ረጋ ብለው፣ እንደ ታናሽ እህት እየመከሩኝ ነው የመለሱልኝ።

«አንቺ ያጣሽው ፈቃድ ነው» አሉ። «ሌላ ጊዜ አፕላይ ታደርጊያለሽ። ስም ግን አፕላይ አይደረግም።»

ፈቃዱ ላይ የተጻፈውም ስም ነበር፣ የኔ ስም ነበር ልላቸው ፈልጌ ነበር። ሻዩን ሳልጠጣ ወጣሁ። መንገድ ላይ ብቻዬን እየተሳደብኩ ስሄድ ሰው ሁሉ ዞር እያለ ያየኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይባስ አንገበገበኝ። ጋሽ ኪዳነማርያም በደብሩ ከበሩ። ጥብስ ፊታቸው እየሸተተ አልበላም ያሉ፣ በፈረንጆች ፊት ስለ ጾማችን የመሰከሩ አባት ተባሉ። እኔ ደግሞ በዐቢይ ጾም አባቶችን ቢራ ታጠጣለች ተባልኩ። ቤቱም ቀዘቀዘ። ፈረንጆቹ ይገቡና ቢራ የለም ስላቸው ሜኑውን አስቀምጠው በትሕትና ይወጣሉ። ሐበሻው ካምደን ያለ ሌላ ቤት ጀመረ። ነሐሴ ሲገባ ረዳቴን ኩኩን አሰናበትኳት፤ እኔው አበስላለሁ፣ እኔው አቀርባለሁ፣ ባብዛኛው ግን እኔው ቁጭ ብዬ መንገዱን አያለሁ።

በፍልሰታ ረቡዕ ቀን ጋሽ ኪዳነማርያም መጡ። በሩን ከፍተው ሲገቡ ሌላ ሰው መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ይመጣሉ ብሎ ማን ይገምታል። ግራ ቀኙን አይተው ማንም አለመኖሩን ሲያረጋግጡ ጥግ ወደምትገኘው ጠረጴዛቸው ሄዱ። ሲላስ ከዚያ ስብሰባ በኋላ አብሯቸው መቀመጥ ትቷል። ያው ልማዴን አምጪልኝ አሉኝ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። ላባርራቸው እችል ነበር። ግን ልብሳቸው ላያቸው ላይ ሰፍቷል፤ የራበው ሰው ነው የማየው። ጠበስኩላቸው። ጨዉን የሚቀምስልኝ ስላልነበረ በግምት ነው የጨመርኩት።

ጥቂት እንደበሉ ነይ ቁጭ በይ አሉኝ። ተቀመጥኩ። እንደተቀየምኩ እንደሚያውቁ፣ ግን እኔና እሳቸው ቤተ ሰብ እንደሆንን፣ እትዬ ኣብረኸት በሕይወት ቢኖሩ እንዲህ ተኳርፈን እንደማይተዉን ነገሩኝ። ይቅርታ የሚል ቃል ግን ከአፋቸው አልወጣም። በቃሉ ፋንታ እንጀራ ቆርሰው፣ ሥጋውን በአዋዜ አሽተው፣ ደህና አድርገው ጠቅልለው ወደ አፌ ዘረጉት።

«በሞቴ» አሉኝ።

እኔ እየጾምኩ ነው። ለእሑድ ልቆርብ ከንስሐ አባቴ ጋር ጨርሻለሁ፤ በየዓመቱ ፍልሰታን እንዲያ ነው የማሳልፈው። ይህን ያውቃሉ። እጃቸው አየር ላይ ቆሟል፤ ዓይኖቻቸው እርጥብ ናቸው፤ የምራቸውን እየታረቁኝ ነው። ጾሙንና እኔን አንድ ላይ ማየት አልቻሉም፣ ወይም ለሳቸው የቀለለው ለኔም የሚቀል መሰላቸው። ለምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም፤ አፌን ከፈትኩና ጎረስኩ። ጨዉ በዝቶበታል። አላምጬ ዋጥኩት።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «አሁን ሁለታችንም በላን። እኔ ግን የጠየቀኝ ካለ በልቻለሁ ነው የምለው።»

ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ማን ይጠይቅሻል ብለው መብላታቸውን ቀጠሉ።

በእሑዱ ሰው ለቁርባን ሲሰለፍ እኔ ከኋላ ቆሜ ቀረሁ። ቅዳሴው አልቆ አዳራሽ ስንገባ እንደገመትኩት የመጀመሪያዋ ጠያቂ ሐረገወይን ሆነች። ምነው ውቤ፣ ዘንድሮ ሳትቆርቢ፣ አመመሽ እንዴ አለችኝ፤ ድምፅዋ እንደሆነ ከማጉያ አያንስም። አጠገባችን ያሉት ሁሉ ዞሩ። ጋሽ ኪዳነማርያም ከቀሳውስቱ ጋር ከፊት ተቀምጠዋል።

«ጾም ፈትቼ ነው» አልኩ፣ እኔም ድምፄን ሳልቀንስ። «ረቡዕ ዕለት ጥብስ በላሁ። ጋሽ ኪዳነማርያም ከትሪያቸው በሞቴ ብለው ሲያጎርሱኝ እምቢ ማለት አቃተኝ።»

የተናገርኩት የራሴን ኃጢአት ነው፤ ማንንም አልከሰስኩም። አንደኛው ቄስ ቀስ ብለው ወደ ጋሼ ዞሩና እውነት ነው ወይ አሏቸው። ጋሼ የያዙትን ኩባያ አስቀመጡ። ለአንድ አፍታ ይሉታል ብዬ ጠበቅኩ።

«አጎረስኳት እንጂ አልበላሁም» አሉ።

ሳቄ አመለጠኝ። ከሰኔ ወዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር፣ ሲቆምም በእንባ ነው የቆመው። ሌላ አንድም የሳቀ ሰው የለም። ቄሱ መሬት መሬት አዩ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ አንዱ ዳቦ መቁረሱን ቀጠለ። ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ።

አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ሐረገወይን ሮጣ ደረሰችብኝ። የተናደደች መስሎኝ ተዘጋጅቼ ነበር፤ እሷ ግን ክንዴን ይዛ በዝቅታ ነው የተናገረችው።

«ውቤ፣ እኛ እኮ እናውቃለን» አለችኝ። «ኣብረኸት ከሞተች ጀምሮ እናውቃለን። ያን ዕለት አንቺ ቤት ስገባ ጢማቸው ላይ አዋዜ ነበር። ምን ልትጠቀሚ አዋረድሻቸው?»

አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ያን ስብሰባ ስታዩ ታውቁ ነበር ማለት ነው፣ ውሸታቸውን መሆኑን እያወቃችሁ ነው ቤቴ ሲዘጋ ያያችሁት አልኳት። አዎ፣ ሁላችንም አለች፣ ሳታፍር።

«ታዲያ አንድ ሰው እንኳ እንዴት አይናገርም?»

ሐረገወይን አየችኝ። ፊቷ ላይ ክፋት አልነበረም፣ የገረማት ነበር የምትመስለው።

«አንቺስ ተጠይቀሽ ዝም ብለሽ የለም እንዴ» አለችኝ።

አውቶቡሱ መጣ፣ ገባሁ። በሰኞው የምግብ ቤቱን ቁልፍ ለአከራዩ ወስጄ ሰጠሁ።